ሁለት ጣት ያህል አጥንት

ጥቅምት 6

ለልጄ ለልቃቂት፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በርሽን አንኳኩቶ ይግባ። እኛ ቤት ሰውም አለ፣ ጣራውም አለ። እትዬሽ መዘውሩን እያዞረች ትሰድበኛለች፤ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

እኔ ግን ወድቄያለሁ። አትደንግጪ፤ ከወደቅኩ ወር አልፎኛል፣ ድንጋጤው እዚህ አልቋል። አርባ ዓመት ሙሉ ገመድ ስገምድ፣ ቃጫ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ ክሩን እየለቀቅኩ የኋሊት ስሄድ፣ ከመዘውሩ እስከ አጥሩ ስልሳ እርምጃ መሆኑን እግሬ ያውቀዋል፤ ዞሬ አላይም። ለካ የውሃ ሰዎች ቧንቧ ሊቀብሩ ሃምሳ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ጉድጓድ ቆፍረዋል! እትዬሽ "ነግሬሃለሁ" ትላለች። እኔ ደግሞ አልሰማሁም እላለሁ። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ዕርቅ የለም።

የግራ ቅልጥሜ ነው የተሰበረው። አሰባበሩም ወግ የለውም፤ አንዱ ቦታ ደቅቆ ስብርባሪውን ለቅመው አወጡት። ሐኪሙ ከላይና ከታች በብረት ይዞታል፤ መሐል ላይ ግን ሁለት ጣት ያህል አጥንት የለም። "ይሞላል?" ብዬ ብጠይቀው "እናያለን" አለ። የሐኪም "እናያለን" ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ሥራ የገባሽ ጊዜ "የምንጎነጉነው ለአጥንት ነው" ብለሽ ጽፈሽልን እኔና እትዬሽ ስቀንብሽ ነበር። ዛሬ ሳስበው አልሳቅም። እስቲ በደንብ አድርገሽ አስረጂኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቻለሁ፤ አጥንት ያበቅላል ሲባል ግን አልሰማሁም።

እትዬሽ የሱፍ ካልሲ ትላክልን ትላለች። ለእኔ ለጊዜው የአንድ እግር ይበቃኛል።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ጤናዎን ፈጣሪ ይመልስልዎ። እኔ በደኅና አለሁ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ሃምሳ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት ያልኩት እርስዎን ነው፤ እና እንዲህ እየቀለዱ ሲጽፉልኝ የባሰ ያስፈራኛል።

ሥራዬን ልንገርዎ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ነጭ ነው፣ ግድግዳውም ወለሉም እኛም። መሐል ላይ ሠላሳ ሁለት ማጠንጠኛ ያለው ማሽን አለ። ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ እየዞሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያለፈ ክሩን ይጎነጉኑታል። ክሩ ከጠጉር ይቀጥናል። የሚወጣው ውስጡ ክፍት የሆነ ጉንጉን ነው፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ፣ ግን ቱቦ።

ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም መጀመሪያ ርብራብ ይሠራ የለ? ጉንጉኑ ርብራብ ነው፣ ግንበኛው ራሱ አጥንቱ። አጥንት በጎደለበት ቦታ ይከቱታል፤ ደሙ በክሮቹ መሐል ይገባል፣ አዲሱ አጥንት ክሩን ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ሲቆም ርብራቡን የሚያፈርስ አያስፈልግም፤ ቀስ እያለ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል።

እስካሁን የሞከርነው በበግ ላይ ነው። እኔና አለቃዬ ሦስት ወር የተጨነቅንበት ነገር ቢኖር ቱቦው ትንሽ ጎበጥ ሲል ይጨፈለቃል፤ ከተጨፈለቀ ደም አይገባም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ካልሲውን ልኬያለሁ። የሁለት እግር ነው።

ልጅዎ


ኅዳር 28

ለልቃቂት፣

እድሜሽ ከገመድ ይርዘም። ካልሲው ደርሷል፤ ያንዱን እግር እትዬሽ አጥልቃው ትዞራለች።

ያን ሁሉ የተማረ ሰው ሦስት ወር ያስጨነቀው ይሄ ነው? ኧረ በሕግ! የባልዲ እጀታ የማለብሰውን ክፍት ጉንጉን ረሳሽው? መጀመሪያ ነገር በእንጨት ላይ ጎንጉኚው፤ ሲያልቅ እንጨቱን ሳቢው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ክር መዞር የለበትም። ከሚዞሩት መሐል ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ከወዲያ ወዲህ የማይል ክር አስገቢ። ስድስት ይበቃል። ቤት ውስጥም ሁሉ ሲዞር አንድ ዝም ብሎ የሚቆም ያስፈልጋል። እኛ ቤት ያ ሰው እትዬሽ ናት፤ እንዳትነግሪያት።

ሦስተኛ፣ አታጥብቂው። አንቺ ድሮም ታጠብቂያለሽ።

እግሬ ደኅና ነው። ትንሽ ያዣል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

አጎትሽ

(ልጄ፣ እትዬሽ ነኝ። "ትንሽ" የሚለውን አትመኚ። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ።)


ጥር 9

ለጋሼና ለእትዬ፣

ቤታችሁ ደስታ አይጣ። እኔም ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ጋሼ፣ ሠራ! ስድስት ቀጥ ያሉ ክሮች አስገብተን፣ በብረት ዘንግ ላይ ጎንጉነን ዘንጉን ሳብነው። ብናጎብጠው ብናጎብጠው አልጨፈለቅ አለ። አለቃዬ "ይህን ከየት አመጣሽው?" ሲል "አጎቴ ገመድ ሠሪ ነው" አልኩ። ሳቁ መጀመሪያ። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

ታኅሣሥ 24 ቀን የእርስዎን ጉንጉን በአንዲት በግ ቅልጥም ውስጥ አስገቡት። ጆሮዋ ላይ አሥራ አራት የሚል ቁጥር አለ። በሦስተኛው ቀን ቆመች። ድርቆሽ የማበላት እኔ ነኝ፤ እጄን ልሳ ልሳ አትጠግብም።

እያዠ ነው ያሉት ነገር ግን አሳስቦኛል። እባክዎን ለሐኪሙ ያሳዩት።

ልጅዎ


የካቲት 1

ለልቃቂት፣

እሰይ! እሰይ ልጄ! እግዜር ከፍ ከፍ ያድርግሽ። ደብዳቤሽን ለባለሱቁ አነበብኩለት፣ ለጎረቤት አነበብኩ፣ ቧንቧ ለቆፈሩት ሰዎች ሳይቀር አስነበብኩ፤ ከነሱ ጋር እንኳ ታረቅኩ። እመት አሥራ አራትን ሰላም በይልኝ። ዘመዴ ናት እንግዲህ፤ የኔን ጉንጉን እግሯ ውስጥ ይዛ የምትሄድ እሷ ብቻ ናት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ክር አለ፤ ሁለት ቦታ ቋጥሬዋለሁ። ሐኪሙ የአጥንቴን ፎቶ ሲያሳየኝ ለክቼ ነው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ የጎደለኝ አጥንት ነው። ለአለቃሽ አሳዪው። "አጎቴ ያሳየን ዘዴ ነው፣ ለእሱስ አይሆንም ወይ?" በይው። ምን ያሳፍራል? ስድስቱ ክር የኔ አይደል?

ተራዬ መቼ እንደሚደርስ ብቻ ንገሪኝ። እኔ ታጋሽ ሰው ነኝ፤ ቀን ከተቆረጠልኝ እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 4

ለተከበሩ ጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይክበብዎ። እኔ ደኅና ነኝ።

ክሩ ደርሶኛል። ለአለቃዬ አሳይቻለሁ፤ በጥሞና ተመለከተው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ፈቃድ ይፈልጋል፣ እንደ ገመድ ዛሬ ተሠርቶ ነገ አይሸጥም። ትንሽ ይታገሱ። እባክዎን ትንሽ ይታገሱ።

አሥራ አራት አሁን መሮጥ ጀምራለች። ትናንት በሩን ከፍቼ ብገባ ገፍትራኝ ወጣች፤ በግቢው ሁለት ጊዜ አባረርኳት። በየትኛው እግሯ ጉንጉኑ እንዳለ የማያውቅ ሰው አይለይም።

እትዬ፣ ስለጨርቁ ምንም አልጻፍሽልኝም።

ልጃችሁ


መጋቢት 29

ለልቃቂት፣

እንደምን ከረምሽ? አጭር ነው የምጽፈው፣ ቁጭ ማለቱ ይከብደኛል።

ሐኪሙ የማይሆን የማይሆን ነገር ያወራል። "የእኅቴ ልጅ እንደዚህ ያለ ነገር እየሠራችልኝ ነው፣ በጓ ትሮጣለች፣ ታገሥ ብላኛለች" አልኩት። ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። የተማረ ሰው ሲሸነፍ ወረቀት ይሰበስባል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔ አልቸኩልም። እመት አሥራ አራት እንዴት ናት? ስለሷ ብቻ ጻፊልኝ፤ ሌላው ይቆይ።

አጎትሽ


ግንቦት 2

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ይቅርታ።

በጓ ደኅና ናት።

ልጅዎ


ግንቦት 20

ለልጄ፣

እትዬሽ ነኝ። እሱ ይህን እንደምጽፍ አያውቅም፤ ፀሐይ ላይ አስተኝቼው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ ሲደብቅ እኔም አብሬ ደበቅኩ፣ እና አሁን ጉድ ፈልቷል። አጥንቱ መርቅዟል። የሚወጣው ውሃ አይደለም፣ መግል ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲገባ ፊቱን እንዳያጨማድድ ሲጥር አያለሁ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ሐኪሙ በመጋቢት የነገረውን አልጻፈልሽም። "አሁን ከቆረጥን ከጉልበት በታች ነው" ነው ያለው። "ጉልበትዎ ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር ይራመዳሉ፣ ሥራዎንም ይሠራሉ፣ የኋሊትም ቢሆን ይለምዱታል። ከዘገየ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበት የሌለው ሰው ደግሞ የኋሊት አይሄድም።" እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። "ልጄ ታገሥ ብላኛለች" ብሎ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጠርተውታል፤ አልሄድም አለ። በጓ ከሮጠች እኔም እሮጣለሁ ይላል።

እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ለምኜሽም አላውቅም። አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ያ ነገር ለሱ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ከሐኪሙ ቃል ያንቺን ያምናል።

እትዬሽ


ሰኔ 8

ለጋሼ፣ ለእትዬ፣

አይመጣም።

ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቀሪውን እዚያ ሆነው ያንብቡት።

ለሰው እስኪደርስ ገና ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት ይቀረዋል። ይህን በጥቅምትም አውቀው ነበር። ክሩን ሲልኩልኝም አውቀው ነበር። ለአለቃዬ አላሳየሁትም። ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፤ ይኸው አሁንም ይዤዋለሁ። "እኔና አለቃዬ" እያልኩ ስጽፍልዎ የነበረው ውሸት ነው። እኔ ክር የማጠነጥን፣ ማሽን የምጠርግ፣ በግ የማበላ ሰው ነኝ። ስለ ስድስቱ ክሮች የተናገርኩት ጊዜ ብቻ ነው በዚያ ክፍል ሰው ቀና ብሎ ያየኝ። እውነቱን ብነግርዎ ተመልሼ ማንም እንዳልሆን ፈራሁ፤ ለእርስዎም ማንም እንዳልሆን።

አሥራ አራት ሞታለች። ሚያዝያ 16 ቀን ገደሏት። ስላመማት አይደለም። ከመጀመሪያውም ቀኑ ተጽፎ ነበር፤ አሥራ ስድስት ሳምንት ሲሞላ አጥንቷን ሰንጥቀው ለማየት። ከበረቱ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ስትመለከት አትሄድም ነበር፣ እኔን ግን ተከተለችኝ። አጥንቱን አይቻለሁ። ጉንጉኑ በከፊል ሟሙቷል፣ በቦታው አጥንት በቅሏል፣ በስድስቱ ክሮች ዙሪያ ያለው ደግሞ ከሁሉም ወፍሯል። የእርስዎ ዘዴ ሠርቷል ጋሼ። ይህ ብቻ እውነት ነው።

"ታገሡ" ያልኩት አይሆንም ማለት አቅቶኝ ነው። ለትልቅ ሰው አይሆንም ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። ነውር አልነበረም። ፍርሃት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ፣ አሁን ልመልሰው ብል አልደርስበትም።

ያስቆርጡት። እለምንዎታለሁ፣ ያስቆርጡት። ይህን ሥራ እተዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ክር ማየት አልችልም። ይቅርታ ስል ቃሉ ራሱ ያሳፍረኛል።

ልጅዎ


ሐምሌ 15

ልቃቂት፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። መጀመሪያ እትዬሽ አነበበችው፣ ከዚያ እኔ። ረቡዕ ሐኪም ቤት ገባሁ፣ ሐሙስ ቆረጡት። ከጉልበት በላይ ነው።

ስነቃ ሐኪሙን "በመጋቢት ቢሆንስ?" አልኩት። "ጉልበትዎ ይተርፍ ነበር" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲነግረኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፣ ከልብ የመጣ ስድብ፤ እኔው ቀደድኩት። ሁለተኛው "ምንም አይደለም ልጄ" የሚል ነበር፤ እትዬሽ አንብባ "አንተ ውሸታም፣ ዛሬም ልትጀምር ነው?" ብላ ከእጄ ነጥቃ ቀደደችው። ሦስተኛው እንባ ነካውና ቀለሙ ፈሰሰ።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፍ። ተናድጄብሻለሁ። ጠዋት ስነሳ ሁለቱንም እግሬን ላወርድ እሞክራለሁ፣ አንዱ የለም፣ ያኔ ስምሽን እጠራለሁ፤ አጠራሬም አያምርም።

ሌላም እውነት አለ። ግንቦት ላይ "በጓ ደኅና ናት" ብለሽ አንዲት መስመር ስትጽፊ ያን ጊዜ ገብቶኛል። ልጅ ሳለሽም ስትዋሺ ታሳጥሪ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት፣ ለእትዬሽም አላሳየኋትም። የሐኪሙን እውነት ከማመን ያንቺን ውሸት ማመን ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ ጉልበቴን የወሰድነው ሁለታችን ነን። ሁሉንም ብቻሽን አትሸከሚው። ሁሉንም በእኔም ላይ አልጭነውም፣ ያን ያህል ቅዱስ አይደለሁም።

አሁን መዘውሩ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የኋሊት የምትሄደው እትዬሽ። በየሦስት እርምጃው ዞራ ታያለች። በዞረች ቁጥር ክሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ትናንት መሐል ላይ ስትደርስ ቃጫውን ከወገቧ ፈትታ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም የመዘውሩን እጀታ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ትናንት ገመድ አልሠራንም።

ይቅርታ ብለሻል። ልጄ ነሽ፣ እሱ አይቀየርም። ይቅርታው ግን ገና አልመጣም፤ የመጣ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ሥራ እተዋለሁ ያልሽውን ግን እንዳልሰማ። እኔ እግሬን ሰጥቼ አንቺ ደግሞ እጅሽን አጣጥፈሽ ልትቀመጪ? ያ ጉንጉን አጥንት ካበቀለ አንድ ቀን የሰው እግር ያተርፋል፤ ያጠነጠነው ሰው ስሙ ባይጻፍም። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ሰው ይጠይቅሻል። አባቱ የተኛበት ይጠይቅሻል፣ ልጁ የወደቀበት ይጠይቅሻል። ዓይን ዓይንሽን እያየ "ይደርስልኛል?" ይልሻል። እንዳታዝኚለት። አይደርስልህም በይው። በዚያው ቀን በይው።

አጎትሽ